ሐምሌ ሲገባ የሚደወል ስልክ
(በማኅበራችን የሰኔ ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ክፍሉ ሲነሣ ቁጥር እንደምናነብባችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬም ከአንድ ቁጥር እንጀምራለን። ቁጥሩ 18,500 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በመዝገባችን ላይ የለም። በገቢም፣ በወጪም፣ ባልተመለሰ ብድርም ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። የጠፋው ግን ከመካከላችን ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ አንዲት የቡሬ አባላችን የቡድኗን የብድር ተመላሽ ሰብስባ በስልኳ ሒሳብ ላይ ይዛ ነበር። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኩ እንዲነገር ፈቅዳልናለች፣ ስሟ ግን እንዳይነሣ አደራ ብላናለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ በርበሬ እየቀነጠሰች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ወይዘሮ እገሊት ነዎት? ከገቢዎች ነው የምንደውለው።» ሰውየው ስሟን ከነአያቷ ጠራ። የቲን ቁጥሯን አንድ በአንድ አነበበላት። «የቀን ገቢ ግምትዎ እንደገና ተሠርቶ ውዝፍ ግብር ተገኝቶብዎታል። ፋይልዎ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊሄድ ነው። እኔ የልጆች እናት መሆንዎን አይቼ አዘንኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ከከፈሉ ቅጣቱን አስነሣልዎታለሁ፤ አለበለዚያ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ይታሸጋል» አላት። ስልኩን እንዳትዘጋም አስጠነቀቃት። ከጀርባው ሌላ ድምፅ «ጨረስክ ወይ?» ሲል ተሰማት። አለቃው መሰላት።

መጀመሪያ 10,000፣ ቀጥሎ 8,500 ብር ላከች። ቆይታ መልሳ ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ለባሏም፣ ለቡድኗም፣ ለእኛም አልተናገረችም። ሐምሌ ጎተራ የሚጎድልበት ወር መሆኑን ታውቃላችሁ። ለከርሞ ላም ትሆናለች ያለቻትን ጊደር ገበያ አወጣችና በገበያው ዋጋ ሳይሆን በቸኮለ ሰው ዋጋ ሸጠች። የብድሩን ተመላሽ በቀኑ አስገባች። እኛም በነሐሴው ስብሰባ «ብድሩን አንድ ቀን ሳያሳልፍ የመለሰ ቡድን» ብለን ስሟን ጠርተን አጨበጨብንላት። እሷም ተነሥታ እጅ ነሣች። ይህን ባስታወስን ቁጥር እናፍራለን።

ዝም ባለችባቸው ሳምንታት ያው ዓይነት ስልክ ለሌሎች ሁለት አባሎቻችን ተደወለ። አንዷ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አረቄ የምትሸጥ ናት፤ 3,000 ብር ላከች። ሌላዋ ከጅጋ ወጣ ያለ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ናቸው። ደዋዩ የመሬት ግብር ውዝፍ አለብዎት ቢላቸው፣ «የዘንድሮውን ለቀበሌው ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ከሳጥኔ ነው፤ ካላመንክ መጥተህ እይ፣ ቡና አፍልቼ እጠብቅሃለሁ» አሉት። እሱ ራሱ ዘጋው።

ሦስቱን ስናስተያይ አንድ ነገር ገባን። የተረፉት እናት ከሌሎቹ የበለጠ የተማሩ፣ ስልክ የበለጠ የሚያውቁ አይደሉም። የከፈሉትን ማወቃቸውና ወረቀቱን መያዛቸው ነው ያዳናቸው። ጎጃም ውስጥ ግብር ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1960 እና በ1961 ዓ.ም. ገበሬው አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ እንደተነሣ ከአባቶቻችን ሰምተናል። የግብር ደረሰኝ የመሬት ምስክር ስለነበረ አያቶቻችን በጨርቅ ጠቅልለው ከሳጥን በታች ያኖሩት ነበር። እኛ የከተማዎቹ፣ ስልኩን ስንይዝ ሳጥኑን ተውነው።

ሌሎቹስ ለምን ፈሩ? ለፍርሃታቸው ምክንያት አላቸው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ስንት ነጋዴ እንደደነገጠ አትረሱትም። «ግምትዎ ተሻሻለ» የሚል ቃል ያን ድንጋጤ ይቀሰቅሳል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የገቢ ግብር አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሎ የግብር ከፋይ ደረጃዎች ተቀየሩ። ሕግ በተለወጠ ሰሞን ነጋዴው «ምናልባት አዲስ ነገር ይኖር ይሆናል» ይላል፤ አታላዩም የሚገባው በዚህች «ምናልባት» ነው። መንገድ ሲዘጋና ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ቢሮ ሄዶ መጠየቅም፣ ኢንተርኔት ላይ ማጣራትም አይቻልም። ያን ጊዜ የቀረው የደዋዩ ድምፅ ብቻ ነው።

ስሟንና ቲን ቁጥሯን ከየት አገኘ? ብዙዎቻችን ንግድ ፈቃዳችንን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ መስቀልም ይገባል። ስልካችንን በሱቁ በር ላይ እንጽፋለን። አንድ ሰው ስኳር ገዝቶ ሲወጣ ይህን ሁሉ ማንበብ ይችላል። ስማችሁን ማወቁ የመንግሥት ሰው መሆኑን አያሳይም።

ይህ የእኛ አገር ብቻ በሽታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሕንድ አገር አሕመዳባድ ከተማ ከተከፈቱ የስልክ ማዕከሎች እየደወሉ «ከግብር መሥሪያ ቤት ነን፣ ዛሬ ካልከፈልሽ ፖሊስ ይመጣል» እያሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ዘርፈዋል። ከተዘረፉት ውስጥ አረጋውያንና ከሌላ አገር ሄደው የሚኖሩ ብዙ ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. 61 ሰዎችና ድርጅቶች ተከሰሱ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. እስከ 20 ዓመት እስራት የተፈረደባቸው አሉ። አነጋገሩ ከቡሬው ጋር አንድ ነው፤ ማስፈራራት፣ ማጣደፍ፣ ስልኩን አትዝጊ ማለት። ስለዚህ የተታለለች አባላችን ሞኝ አይደለችም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን፤ ተረቱ እውነት አለው፣ ነገር ግን ጥፋቱን በተመነጠረው ላይ ብቻ ይጭናል። ያን ስለሚያውቁ ነው እኅቶቻችን አፋቸውን የሚዘጉት።

አሁን የእኛን ጥፋት እንናገር። እኛ ሒሳብ ክፍሉ የብድር ቀን ሲደርስ ምን እናደርግ ነበር? እንደውላለን። «ዛሬ ካላስገባሽ ቅጣት አለው፣ በዚህ ቁጥር ላኪ» እንላለን። ለሥራ ሲመች በራሳችን ስልክ የተቀበልንበት ጊዜም ነበር፤ ደረሰኙን በማግሥቱ እንቆርጣለን። ገንዘቡ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ነገር ግን አባሎቻችን በስልክ የሚያጣድፍን ድምፅ እንዲታዘዙ ያለማመድናቸው እኛ ነን። አታላዩ የመጣው እኛ በጠረግነው መንገድ ነው።

እንግዲህ በሙያችን የምናውቀውን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ግብራችሁን ማን እንደሚሰበስብ እወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ የገቢ ግብር፣ የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልል ነው። በግል ፈቃዷ በርበሬ የምትሸጥ የቡሬ ሴት ፋይሏ ያለው በከተማዋ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው፤ የገበሬዋ ግብር የሚያልፈው በቀበሌዋና በወረዳዋ ነው። «ከአዲስ አበባ፣ ከሚኒስቴሩ ነን፣ ፋይልሽ እኛ ጋ ነው» ያለ ሰው ገና ከመነሻው ስቷል።

ሁለተኛ፣ የግብር ውሳኔ በወረቀት ይመጣል። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅር የተሰኘ ግብር ከፋይ ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ክልሎች የራሳቸውን የግብር ሕግ ስለሚያወጡ የእናንተን የቅሬታ ቀን በጽሕፈት ቤታችሁ ጠይቁ። ሕግ ለቅሬታ ቀናት የሚሰጠውን ነገር «እስከ ስድስት ሰዓት ጨርሺ» የሚል ሰው ከሕግ አልመጣም።

ሦስተኛ፣ ግብር በባንክም በስልክም ሊከፈል ይችላል። በስልክ መክፈል ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ ነው። ግብር የሚገባው በመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ነው፣ ደረሰኝም አለው። ገንዘብ ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚታየውን የተቀባይ ስም አንብቡ፤ ማንበብ የማትችሉም አስነብቡ። የግለሰብ ስም ከሆነ እጃችሁን አንሡ። የሚስጥር ቁጥርና በጽሑፍ መልእክት የሚመጣ ኮድ ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ ለባንክ ሠራተኛም፣ ለእኛም።

አራተኛ፣ ገንዘቡ ከሄደ ደቂቃ አታባክኑ። በቴሌብር ከሆነ ወደ 127፣ በንግድ ባንክ ከሆነ ወደ 951 ደውሉ። የደዋዩን ቁጥርና የመጣላችሁን መልእክት አታጥፉ፤ ለፖሊስ ማስረጃ ነው። አታላይነት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ገንዘቡ ይመለሳል ብለን ቃል አንገባም። ዛሬ የተነገረ ግን ነገ ሌላዋን ያድናል።

ከእነዚህ ሁሉ የምትቀለዋን መጨረሻ አቆየናት። ዛሬ ስትወጡ አንዳንድ ወረቀት እንሰጣችኋለን። ሦስት መስመር አለው፤ ያለፈው ዓመት ግብሬ ስንት ነበር፣ የምከፍለው የት ቢሮና መቼ ነው፣ ደረሰኜ ቁጥሩ ስንት ነው። ያልጻፋችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፤ እኛም ከሻዩ በኋላ ተቀምጠን እንጽፋለን። ወረቀቱን ስልክ ከምትሞሉበት ቦታ አጠገብ ለጥፉት። ስልክ ተደውሎ ልባችሁ ሲመታ ዓይናችሁ እሱ ላይ ይረፍ። ከዚያ ስልኩን ዝጉና ለቡድናችሁ ሰው ደውሉ። ስልክ መዝጋት ነውር አይደለም፤ እውነተኛ የገቢዎች ሠራተኛ ከሆነ ቢሮው የት እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ።

እኛም በበኩላችን ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለማንም አባል ደውለን ገንዘብ ላኪ አንልም። ተመላሽ የሚገባው በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ወይም በስብሰባ ቀን በደረሰኝ ብቻ ነው። በእኛ ስም፣ በእኛ ድምፅ እንኳ ቢደወልላችሁ አትላኩ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ለእናንተም ሁለት ቃል አለን። በማኅበሩ ስም ተደውሎ አስቸኳይ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ውሸት ነው። ሁለተኛው ይከብደናል፤ አምና በላክንላችሁ ዘገባ የቡሬው ቡድን ብድር መቶ በመቶ ተመለሰ ብለናል። ቁጥሩ ትክክል ነው። በዚያ መቶ ውስጥ ግን አንዲት ጊደር እንዳለች አላወቅንም ነበር። ከእንግዲህ በዘገባው ላይ በማታለል የደረሰ ጉዳት የሚጻፍበት አንድ መስመር እንጨምራለን። መቶው ዘጠና አምስት ቢሆንባችሁ፣ ሥራችን ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት ያቺን መስመር አንብቡልን።

በመጨረሻም ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በስልክ ተታላ በዚያው ቀን ለቡድኗ የነገረች አባል በመዘግየት አትቀጣ፤ ብድሯን የምትመልስበት ሦስት ወር ይጨመርላት። «ሰበብ ይሆናል» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ለዚህ ነው በዚያው ቀን መናገርንና ለፖሊስ ማመልከትን ግዴታ ያደረግነው። ዝምታው ምን እንዳስከፈለን ደግሞ ሰምታችኋል።

ያቺ እኅታችን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። አምና ያጨበጨብንላት ሳናውቅ ነው። ዛሬ አውቀን እጃችንን እንድናወጣላት እንጠይቃችኋለን።