የሞተር ጀልባ ፕሮፔለር አመራረጥ በደጋ ሐይቆች ላይ



የጀልባ ጉልበት ከሞተሩ ቢመነጭም፣ ያንን ጉልበት ወደ ጉዞ የሚለውጠው ፕሮፔለሩ ነው። ይሁን እንጂ ጀልባ ሲገዛ ስለ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት ብዙ ይመከራል፤ ስለ ፕሮፔለሩ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ከሞተሩ ጋር አብሮ የመጣ ፕሮፔለር ለሞተሩ ይስማማዋል የሚለው አስተሳሰብ በባሕር ጠረፍ ሊያስኬድ ይችላል፤ በጣና ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

በፕሮፔለር ላይ ሁለት ዋና ዋና ልኮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ዲያሜትር ሲሆን፣ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ይኸውም ፕሮፔለሩ በእንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ቢዞር በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚራመደው ርቀት ነው። 13 ኢንች ፒች ያለው ፕሮፔለር በአንድ ዙር 33 ሴንቲ ሜትር ያህል መራመድ ነበረበት፤ ነገር ግን ውኃ ስለሚሸሽ እርምጃው ከዚህ ያንሳል። ዝቅተኛ ፒች ዳገት እንደሚወጣበት የመኪና አንደኛ ማርሽ ነው፤ ከፍተኛ ፒች ደግሞ ለሜዳ ሩጫ እንደሚያገለግለው የላይኛው ማርሽ ነው።

የደጋ ሐይቅ ችግር የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በመሆኑም 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በጣና ላይ ከ33 ወይም ከ34 ብዙም አይበልጥም። ውኃው ግን ከአየሩ ጋር አይሳሳም፤ ከሞላ ጎደል እንደ ባሕሩ ውኃ ከባድ ነው። ሞተሩ ደክሞ ሳለ የፕሮፔለሩ ሸክም እንዳለ ይቆያል ማለት ነው።

ሸክሙ የበዛበት ሞተር የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶም የተወሰነለትን ዙር አይደርስም። ይግላል፤ ካርቦን ያከማቻል፤ ነዳጅ ያባክናል። ከዘጌ መንገደኞችን አሳፍሮ የሚመለስ ጀልባ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት የሚያስፈልገውን ትርፍ ጉልበት ያጣል። በአንጻሩ ፒቹ ከመጠን በላይ ዝቅ ቢል፣ ሞተሩ ከወሰኑ በላይ ይዞርና ይጎዳል።

ስለዚህ ፕሮፔለር የሚመረጠው በዙር መቁጠሪያ ነው። ጀልባው የዘወትር ጭነቱን ይዞ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ውኃው ጸጥ ባለበት ሰዓት ለአጭር ጊዜ በሙሉ ነዳጅ ይነዳል፤ ከነፋሱ ጋርም በነፋሱ ላይም ዙሩ ይመዘገባል። ለምሳሌ አምራቹ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር በደቂቃ ለፈቀደለት ሞተር መቁጠሪያው 4,700 ቢያሳይ፣ ፒቹ መቀነስ አለበት። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ወደ 200 ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ13 ወደ 10 ኢንች ቢወረድ ሞተሩ ወደ 5,300 ይጠጋል። በከፍታው የጠፋው ጉልበት አይመለስም፤ የቀረው ግን በሚገባ ሥራ ላይ ይውላል። ለሙሉ ጭነት የተመረጠ ፕሮፔለር ጀልባው ባዶ ሲሆን ሞተሩን ከወሰኑ ሊያሳልፈው ስለሚችል፣ ነጂው ነዳጁን መቀነስ እንዳለበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የሚሠራበት ማዕድንም ምርጫ ይጠይቃል። አሉሚኒየም ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ድንጋይ ሲመታም ቶሎ ይጣመማል። የማይዝግ ብረት ጠንካራና ስስ ክንፍ ቢኖረውም፣ ከባድ ምት ሲያገኘው ድንጋጤውን ወደ ዘንጉና ወደ ማርሹ ሊያሳልፍ ይችላል። የተጣመመ ክንፍ ንዝረት እየፈጠረ ኩሽኔታውን ስለሚበላ፣ ሳይውል ሳያድር ሊቃና ወይም ሊለወጥ ይገባዋል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጣና ላይ የታወቀው እምቦጭም ሆነ የተጣለ የመረብ ክር በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ክሩ የዘይት መከለያውን ጎማ ከቆረጠው ውኃ ወደ ማርሹ ይገባል፤ የማርሹ ዘይት ወተት መምሰሉ የዚህ ምልክት ነው። ጥምጣሙ የሚነሣው ግን ሞተሩ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።

በጠቅላላው፣ ተስማሚ ፕሮፔለር የሚባለው ውዱ ወይም ፈጣኑ አይደለም። በሚሠራበት ሐይቅ ላይ፣ የሚጭነውን ጭኖ፣ ሞተሩን ከተፈቀደለት ዙር የሚያደርሰው ነው። አንድ የዙር መቁጠሪያና አንድ የመዝገብ ደብተር ያለው የጥገና ክፍል ይህንን በግማሽ ቀን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ መንገደኛውም ሳያውቀው የሚተማመነው በዚያ ግማሽ ቀን ሥራ ነው።