ስለ ሬዲዮ ሽቦ አዘረጋግ



እኔ በገበያ ቀን ሬዲዮ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሬዲዮ ሽቦ ነው። አንቴና የሚባለው ማለት ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀመጡት ሬዲዮዎች ብዙዎቹ አልተበላሹም። ባለቤቱ በነጠላው ጠቅልሎ ያመጣዋል። «ድምፁ ደከመብኝ፤ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ለወጥኩለት፤ አሁንም ያው ነው» ይለኛል። ፈትቼ አያለሁ። ሁሉም ነገር ደህና ነው። ታዲያ አንድ አሥር ክንድ ሽቦ ከሬዲዮው ዘንግ ጋር አያይዤ ጫፉን አጠገቤ ካለው ዛፍ ላይ ጣል ሳደርገው፣ ያ ደከመ የተባለው ሬዲዮ ጮኾ ገበያተኛውን ያስደነግጣል። ሰውየው ለድንጋይ ያወጣው ገንዘብ በከንቱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያው የሚልከው ሞገድ በአየር ውስጥ ሲሄድ ሽቦ ካገኘ፣ በሽቦው ላይ እጅግ ትንሽ የሆነ ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሳል። ሬዲዮው ያችን ትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ያጎላትና ድምፅ ያደርጋታል። የሚደርሰው ነገር ያነሰ እንደሆነ እኛ የድምፁን መዘውር እስከ መጨረሻው እናዞራለን። ድምፅ በጨመርን ቁጥር ደግሞ ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል። ሽቦ የተዘረጋለት ሬዲዮ ግን ዝቅ ባለ ድምፅም ጥርት ብሎ ይሰማል።

በሞባይል ሬዲዮ የሚሰማ ልጅ ያላችሁ ይህን አይታችኋል። ብዙው ሞባይል የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ካልተሰካለት ሬዲዮውን አልከፍትም ይላል። ለምን ይመስላችኋል? ያ የማዳመጫ ሽቦ አንቴናው ስለሆነ ነው።

ሽቦ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ብዙ እንደሚሰማ ከታወቀ ቆይቷል። ማርኮኒ የተባለ ጣሊያናዊ በ1901 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር የተላከ የሬዲዮ ምልክት በውቅያኖስ ማዶ፣ በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ሆኖ ለመስማት ሲሞክር፣ ሽቦውን ያንጠለጠለው በነፋስ በሚበር የጨርቅ ካይት ላይ ነበር። ምሰሶ ስላልነበረው ነፋሱን ምሰሶ አደረገው። ምልክቱንም ሰማሁ አለ።

ዛሬም ይህን ሥራ እንደ ፍቅር የያዙት ሰዎች አሉ፤ አማተር ሬዲዮ ይባላሉ። ደመወዝ የላቸውም። ፈቃድ አውጥተው፣ በቤታቸው ጓሮ ሽቦ ዘርግተው፣ ባሕር ማዶ ካለ ባልንጀራቸው ጋር በሬዲዮ ይነጋገራሉ። በአገራችንም አሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ እንደ ሰው መጠሪያ አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ይባላል። አንድ ትልቅ አምፖል የሚበላውን ያህል፣ 100 ዋት በሚሆን ኃይል፣ ድምፃቸው ሌላ ክፍለ ዓለም ይደርሳል። ጉልበታቸው ያለው ሽቦው ላይ ነው። የሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር ከሆነ ግማሹን፣ 20 ሜትር ያህል ሽቦ ወስደው፣ መካከሉን ቆርጠው፣ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር ክንፍ ያደርጉታል። ለሚናገር ሰው ይህ ልክ ግድ ነው፤ ፈቃዱም ግድ ነው። እኛ ግን አድማጮች ነን። ልኩ አያስጨንቀንም፤ የእጅ ሥራቸውን ብቻ እንዋሳለን።

አስቀድሜ ግን ሽቦ የማይጠቅምበትን ልንገራችሁ፤ ኋላ እንዳታሙኝ። ሬዲዮአችሁ መካከለኛ ሞገድ ሲይዝ የሚሰማው በውስጡ ባለ አጭር ጥቁር ዘንግ ነው። ለዚያ የሚረዳው ሬዲዮውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ኤፍ ኤም የሚባለው ደግሞ ከሞላ ጎደል እንደ ዓይን ነው፤ ተራራ ከጋረደው አያይም። ከተራራው ሥር ያለ ሰው ሽቦ ቢያስረዝም ብዙ አያገኝም፤ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ይሻለዋል። ሽቦው ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው ለአጭር ሞገድ ነው። አጭር ሞገድ ከምድር ተነሥቶ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ከላይኛው የሰማይ ክፍል ተመልሶ ይመጣል፤ የገደል ማሚቶ እንደሚመልሰው ድምፅ። ስለዚህ ተራራ አያግደውም። የቤታችሁ ክዳን ቆርቆሮ ከሆነ ሽቦ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፤ ቆርቆሮ ሞገድን ያግዳልና። የሣር ክዳን አያግድም። በዚህስ ጎጆ ቤት ቪላውን ይበልጠዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ሃያ ወይም ሠላሳ ክንድ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ፕላስቲክ የለበሰ ቢሆን መልካም ነው። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ቀጭን ሽቦም ይሆናል፤ ነገር ግን ቀለም መሳይ ልባስ አለውና የሚገናኝበትን ጫፍ በቢላዋ ፋቁት። ካልተፋቀ ሽቦውና ሬዲዮው ተቀራርበው እንዳልተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው። ረጅም ሽቦ ሁልጊዜ የተሻለ ነው አትበሉ። ትንሽ ሬዲዮ ላይ ረጅም ሽቦ ብታስሩበት ጣቢያው ሁሉ ተደራርቦ ይጮኻል። እንዲያ ሲሆን የለበሰውን ሽቦ ሳትልጡ በሬዲዮው ዘንግ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሙት፤ ያ ይበቃዋል።

ሽቦው ዛፉንም ቆርቆሮውንም ግድግዳውንም መንካት የለበትም። ከነካ፣ በተለይ ዝናብ ሲሆን፣ ያገኘው ኤሌክትሪክ ወደዚያ ይሾልካል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ይግባ። ከተሰበረ ጀሪካን እጀታው ላይ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ፤ በጋለ ምስማር ሁለት ቀዳዳ ብሱት፤ በአንዱ ቀዳዳ ሽቦውን፣ በሌላው የመስቀያውን ገመድ እሰሩ። የጠርሙስ አንገትም ይሆናል።

ከፍታው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ክንድ ቢሆን ጥሩ ነው። ዛፍ ላይ ሰው አታውጡ። አማተሮቹ ገመድ ወደ ዛፍ የሚያሻግሩት በወንጭፍ ወይም በቀስት ነው ሲባል ስሰማ ሳቅሁ፤ ማሽላ ለሚጠብቅ ልጅ ይህ ምን ትምህርት ይፈልጋል! ቀጭን ሲባጎ ከትንሽ ድንጋይ ጋር ታስሮ በቅርንጫፉ ላይ ይወረወራል። ሲባጎው ወደ ወዲያ ማዶ ሲወርድ ወፍራሙ ገመድ በእሱ ይሳባል። በወዲያ በኩል ሰው እንዳይቆም ብቻ ተጠንቀቁ።

ባሕር ዛፍ በነፋስ እንደሚወዛወዝ ታውቃላችሁ። ሽቦውን ጥርቅ አድርጎ የወጠረ ሰው በመጀመሪያው ነፋስ ተቆርጦ ያገኘዋል። ዘዴው ይኸ ነው፤ በዛፉ በኩል ያለውን ገመድ አትቋጥሩት። በቅርንጫፉ ላይ አሻግሩትና በጫፉ ላይ መጠነኛ ድንጋይ አንጠልጥሉበት። ዛፉ ሲያዘነብል ድንጋዩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሽቦው ግን አይጨነቅም።

ከሽቦው ወደ ቤት የሚወርደው ክፍል በግድግዳ ቀዳዳ ይገባል። ከቀዳዳው በፊት ሽቦው አንድ ስንዝር ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ታጥፎ ይግባ። የዝናቡ ውሃ ከታጠፈበት ላይ ይንጠባጠባል፤ ወደ ቤት አይገባም።

አሁን ወደ መጣሁበት ዋና ነገር ልመለስ። በ1998 ዓ.ም. ለአጎቴ ሬዲዮ ሽቦ የዘረጋሁለት እኔ ነኝ። የበጋ ወቅት ነበር። በጣም ቆንጆ ሽቦ ነበር፤ ራሴ አደንቀው ነበር። አጎቴም ማታ ማታ ጎረቤቱን ሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ክረምት ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አልነገርኩትም። እኔም በደንብ አላውቅም ነበር፤ አለማወቄን ግን አልነገርኩትም። ሰኔ ላይ መብረቅ ወደቀ። ሽቦውን ተከትሎ በግድግዳው ቀዳዳ ገባ። ሬዲዮው ተቃጠለ፤ መደቡ ተሰነጠቀ፤ ከግድግዳው ጋር ታስረው የነበሩ ሁለት በጎች በዚያው ቀሩ። ቤተ ሰቡ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ቤት ቢሆኑ ኖሮ አክስቴ የምትቀመጠው እዚያው መደብ ላይ ነበር። አጎቴ አልተቆጣኝም። «ልጄ፣ ሰማዩን እኮ ቤቴ አስገባህብኝ» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽቦ በተናገርሁ ቁጥር ይኸን ሳልናገር አልነሣም።

ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሽቦ ለመብረቅ መንገድ ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ይሰጠዋል፤ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መሬት። ከቤት ውጭ፣ ከቀዳዳው ፊት ለፊት፣ እርጥበት በማያጣ ቦታ፣ አራት ክንድ የሚሆን ብረት እስከ አናቱ በመዶሻ ይመታ። ወፍራም ሽቦ ከብረቱ ጋር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፤ የታሰረበት ቦታ ዝገቱ ይፋቅ። ማዳመጥ ሲያበቃ ከሬዲዮው ላይ ሽቦው ይፈታል፤ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከዚያ ብረት ጋር ይታሰራል። ፈትቶ ቤት ውስጥ መተው ምንም አይጠቅምም። መብረቅ ከሰማይ እስከ ምድር ተጉዞ ለአንድ ክንድ ክፍተት አይቆምም።

በዚህ ተማምኖ መቀመጥ ግን አይገባም። መብረቅ ሽቦውን በቀጥታ ከመታው የመሬቱ ብረት ብቻውን ቤቱን ያድናል ብዬ አልምልላችሁም። ሐምሌና ነሐሴ ሽቦውን ጨርሶ ማውረድ ይሻላል፤ ድንጋዩን ፈትቶ ገመዱን ላላ ማድረግ እኮ ነው። ብቻውን ጉብታ ላይ የቆመ ረጅም ዛፍም ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ሽቦውን የምትፈቱት ሰማዩ ሳይከብድ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ እጃችሁን ወደ ሽቦው አትስደዱ፤ ሬዲዮውንም ተዉት፤ ይቃጠል። ብልጭታውን ስታዩ ረጋ ብላችሁ ቁጠሩ። ሦስት በቆጠራችሁ ቁጥር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፤ የሚቀጥለው እናንተ ጋ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሽቦው አትመለሱ።

ሌላው ገዳይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መሥመር ነው። ድሮ ይህ የከተማ ሰው ጣጣ ነበር፤ አሁን መሥመሩ በብዙ ገጠር ያልፋል። ሽቦአችሁ ከመሥመሩ በላይም በታችም እንዳያልፍ። ምን ያህል ይራቅ ብትሉ፣ ዛፉ ወይም ምሰሶው ወድቆ ሽቦው እስከ ጫፉ ቢዘረጋ እንኳ መሥመሩ ጋ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ወንጭፍ የሚወረውረው ልጅም መሥመሩ ወዳለበት አቅጣጫ አይወርውር። ክፉ ዕድል ሆኖ ሽቦው መሥመሩ ላይ ቢያርፍ፣ በእንጨት ልመልሰው የሚል አይገኝ። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ሰውም ከብትም አርቁና የመብራት ሠራተኛ ጥሩ።

አጎቴ ሌላ ሬዲዮ ገዝቷል። ሁለተኛውን ሽቦ የዘረጋለትም ያው እኔው ነኝ፤ የመሬቱን ብረት ግን እሱ ራሱ ነው የመታው፤ አላመነኝም። ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ማታ ሬዲዮው ሲዘጋ ትንሹ ልጁ ወጥቶ ሽቦውን ከብረቱ ጋር ያስራል። አጎቴም ከደጅ ቆሞ ያያል። ከታሰረ በኋላ አንድ ጊዜ ራሱ ይስበውና ነው ወደ ቤት የሚገባው።