እባቤን አይጥ እንዳስለመድሁት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)





የንግግሬ ርእስ በተነበበ ጊዜ ከኋላ ወንበር የተሰማው ሣቅ አላስቀየመኝም። በእኛ በይፋት ቆላ ሰው እባብ ሲያይ ዱላ ይፈልጋል እንጂ ምን እንደሚያበላው አይጨነቅም። እኔም ራሴ እስካለፈው ዓመት ድረስ ዱላ ፈላጊ ነበርሁ።

ባለፈው ዓመት በኅዳር መጨረሻ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ሲከመር፣ ከክምሩ ሥር ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፣ ውፍረቱም እንደ እርሳስ የሆነ ቡናማ እባብ አየሁ። ታናሽ ወንድሜ ወዲያው ድንጋይ አነሣ። እኔ ግን ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼ ባዶ ጣሳ ደፋሁበትና የባዮሎጂ መምህራችንን ጠራኋቸው። ይህን ያደረግሁት ካለማወቅ ስለሆነ ማንም እንዳይከተለኝ እለምናለሁ። መምህሬም ቀስ ብለው ተመልክተው፣ ከአፍንጫው ተነሥቶ በዓይኑ በኩል ወደ ኋላ የሚሄደውን ነጣ ያለ መሥመር አሳዩኝ። የቤት እባብ የሚባለው መርዝ የሌለው ዘር መሆኑንም ነገሩኝ። ደግሞም እየሣቁ፣ «እፉኝት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው በጤና ጣቢያ ነበር» አሉኝ። ቀልድ ብቻ አልነበረም። አጭርና ወፍራም የሆነው እፉኝት በመንገድ ዳር ጸጥ ብሎ ተኝቶ የረገጠውን ሁሉ ይነድፋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል ቆጥሮታል።

እንግዲህ እባቡን ፊቱ በወንፊት ሽቦ በተሸፈነ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ማኖር ጀመርሁ። ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ አከራከረ። ታናሽ ወንድሜ በኦሪት ዘፍጥረት ለእባብ የተፈረደበት ምግብ አፈር መሆኑን ሰምቶ ስለ ነበር፣ አንድ እፍኝ አፈር አምጥቶ በሣጥኑ ውስጥ በተነለት። እባቡ አልነካውም። ማታ ማታ በመብራት ዙሪያ በግድግዳ ላይ የምትሮጠውን እንሽላሊት በሰጠሁት ጊዜ ግን ወዲያው ይዞ ከራሷ ጀምሮ ዋጣት። አራት ሳምንት ያህል በዚሁ ኖረ፤ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

እናቴ ግን አንድ ማታ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና፣ «አንተ ልጅ፣ ትንኝ የምትለቅምልንን እንሽላሊት ለእርሱ እያበላህ፣ ወባ ሲይዘን ልታስታምመን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ያለች ሞቃት አገር መሆንዋን፣ ወባዋንም፣ በዚህ የተሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ ደግሞ ነገሩን በአጭሩ ቈረጡት። «እህሌን የሚጨርሰው አይጥ ነው፤ አይጥ የማይበላ እባብ በቤቴ አይቀመጥም። እስከ ጥምቀት ታግሼሃለሁ» አሉ። ከጥምቀት በኋላ ምን እንደሚሆን አልተናገሩም፤ ዱላቸው ግን በበሩ አጠገብ ነበር።

በማግሥቱ ገና ፀጉር ያላወጣ የሞተ የአይጥ ግልገል አቀረብሁለት። ምላሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥቶ ፊቱን አዞረ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። አንድ ሳምንት ባለፈ ጊዜ በራብ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ደነገጥሁ። መምህሬ ግን፣ እባብ እንደ እኛ ሰውነቱን በምግብ ኃይል የሚያሞቅ ስላልሆነ ብዙ ሳምንት ሳይበላ ሊቈይ እንደሚችል አስረድተው አጽናኑኝ።

ከዚህ በኋላ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሳይንስ ላስተማሩኝና አሁን ወደ አገራቸው ወደ አሜሪካ ለተመለሱት መምህር ጻፍሁላቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው ጋርተር የሚባል እባብ አሳድገው ነበር። ይህ እባብ የሰሜን አሜሪካ ነው፤ ስሙንም ያገኘው በጀርባው ላይ ያሉት ቀጫጭን መሥመሮች በድሮ ጊዜ የእግር ሹራብ የሚታሰርበትን ጥብጣብ ስለሚመስሉ ነው። በካናዳ ናርሲስ በተባለ ስፍራ ክረምቱን ከመሬት በታች አሳልፈው በጸደይ በብዙ አሥር ሺህ ሆነው ይወጣሉ። በዱር የሚበላው የመሬት ትል፣ እንቁራሪትና ዓሣ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ሰው ወርቅማ ዓሣ ብቻ ሲያበላው እባቡ ከጊዜ በኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ይሞታልም። ይህም ዓሣው ቪታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር በሥጋው ውስጥ ስላለበት ነው። ጥጋብ የመሰለው ነገር ረኀብ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ስለዚህ አሳዳጊዎቹ ወደ አይጥ ያዛውሩታል። የሚያዛውሩትም እንዲህ ነው፤ የሞተውን አይጥ በውኃ አጥበው የራሱን ሽታ ይቀንሱና እባቡ በለመደው በትል ወይም በዓሣ ያሹታል።

ምክንያቱን ስረዳ ገረመኝ። እባብ ምላሱን የሚያወጣው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። በአየር ላይ ያለውን ሽታ በምላሱ ለቅሞ በአፉ ጣሪያ ወዳሉት ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ያደርሰዋል፤ ምግብ መሆኑን የሚፈርደው በዚያ ነው። ለእኔ እባብ እንግዲህ አይጥ ምግብ አልነበረም፤ የማያውቀው ሽታ ያለው ዕቃ ነበር።

አሁን እንሽላሊት ሳልገድል የእንሽላሊት ሽታ ማግኘት ነበረብኝ። ይህ ደግሞ ቀላል ሆነ። የግድግዳዋ እንሽላሊት ስትያዝ ጅራቷን ጥላ ትሸሻለች፤ ጅራቷም በኋላ ይበቅልላታል። እናቴም ይህን ስምምነት ተቀበለች። በወደቀው ጅራት የታጠበውን ግልገል አሸሁት። እባቡ አሁንም እምቢ አለ፤ ነገር ግን ምላሱን ረዘም ላለ ጊዜ አወጣ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በየቀኑ ሣጥኑን እከፍታለሁ፤ በቀትር አቀርብለታለሁ፤ ጓደኞቼንም እያመጣሁ አሳያለሁ። መምህሬ ይህን ሲሰሙ ተቈጡኝ። የቤት እባብ የሌሊት አዳኝ ነው፤ የተረበሸ እባብም አይበላም፤ ሣጥኑም በሲሚንቶ ወለል ላይ ሆኖ በታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ እባብ ደግሞ ቢበላም አይፈጭለትም። ስለዚህ ሣጥኑን ምጣዱ ወዳለበት ግድግዳ አስጠግቼ ሰባት ቀን ሙሉ አልነካሁትም።

ሰባተኛው ቀን የከተራ ዕለት ዋለ። ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቶ ሳለ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። በመሸ ጊዜ ግልገሉን በጅራት አሽቼ አስገባሁና ሣጥኑን በጨርቅ ሸፍኜ ተቀመጥሁ። ከሩቅ እልልታ ይሰማኛል። ጨርቁን ብገልጥ ብዬ እጄ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ አልቈጠርሁትም። በመጨረሻ ስገልጠው ግልገሉ የለም፤ እባቡም አፉን እንደሚያዛጋ ሰው ከፍቶ መንጋጋውን ያስተካክላል። ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሮጥሁትን ሩጫ በስፖርት በዓል ሮጨው አላውቅም። አባቴ ግን፣ «አንድ ጊዜ መብላት መልመድ አይደለም» አሉ። ልክ ነበሩ።

ከዚያ በየሳምንቱ ሽታውን ቀነስሁ፤ መጀመሪያ መላ አካሉን፣ ቀጥሎ ራሱን ብቻ፣ ቀጥሎ አፍንጫውን ብቻ አሸሁ። በስድስተኛው ሳምንት ቸኩዬ ሽታውን ፈጽሜ ብተወው እምቢ አለኝና አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለስሁ። በመጋቢት አጋማሽ ግን ያልታሸ፣ ያልታጠበም አይጥ በላ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በየካቲት አንድ ጎረቤት ሥራዬን ሰምተው የሞተች አይጥ ይዘውልኝ መጡ። ደስ ብሎኝ ወደ ሣጥኑ ስሄድ እናቴ፣ «ያለ ወጥመድ ምን ገደላት?» ብላ ጠየቀች። ሲጠየቅ፣ በጎተራው ዙሪያ የአይጥ መርዝ ተበትኖ ነበር። በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡ ይገብርለት የነበረውን አርዌ የተባለውን ዘንዶ አንጋቦ የገደለው መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ነው ይባላል። እኔም ሳላውቅ አንጋቦን ልሆን አንድ እርምጃ ቀርቶኝ ነበር። አይጧን ቀበርናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ወጥመዴ ያልያዝሁትን አልሰጠሁትም። ጎረቤታችንም ዶሮዎቻቸውንና ድመታቸውን አስበው የቀረውን መርዝ አነሡ።

በሚያዝያ እባቡን ወደ ተገኘበት ወደ አገዳው ክምር ወስጄ ለቀቅሁት። አባቴ አብረውኝ መጡ፤ ዱላቸውን ግን አልያዙም። ባለፈው ወር ከጎተራው ሥር ካለው ድንጋይ መካከል ስስ የእባብ ቆዳ ወልቆ ተገኘ። የእርሱ ይሁን የሌላ አላውቅም። እናቴ ማንም እንዳይጥለው ከልክላ በመስኮቱ ላይ አኑራዋለች።