የዐጥንት ገቢና ወጪ



ገቢው አንሶ ወጪው የበዛበት ግምጃ ቤት በመጨረሻ ባዶ እንደሚቀር መዝገብ የሚይዝ ሁሉ ያውቃል። የሰው ዐጥንትም እንዲሁ ግምጃ ቤት ነው። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም ከተባለው ማዕድን ከ100 እጅ 99ኙ የሚቀመጠው በዐጥንትና በጥርስ ነው። የቀረው ጥቂቱ በደም እየተዘዋወረ ልብንና ጡንቻን ያሠራል። ከምግብ የሚገባው ሲያንስ ደም የጐደለውን ከዐጥንት ይወስዳል። ይህ ሲሆን ሕመም አይሰማም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ብዙ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው በስተርጅና በቀላል አወዳደቅ ዳሌው ሲሰበር ነው።

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ያለችውን የቡን እንመልከት። አገሩ የቡና አገር ነውና እንግዳ ያለ አቦል፣ ቶናና በረካ አይሸኝም። በአካባቢው ቡናን በጨው መጠጣትም የቆየ ልማድ ነው። ቡናው በልክ ሲሆን የሚያሰጋ አይደለም፤ ከፈሳሽም ይቆጠራል። ጨው ግን ሲበዛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ሲያስወጣ ካልሲየምንም አስከትሎ ያወጣዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንዲበቃው ይመክራል። በሲኒው የገባው በወጡ ካለው ጋር ሲደመር ከዚህ ልክ ማለፍ ቀላል ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚውል ጸሐፊ ጥማት እምብዛም አይሰማውም። ውሃ ሲያንስ ግን ሽንት ይወፍራል፤ በወፍራም ሽንት ውስጥ ካልሲየም ሲበዛ የኩላሊት ጠጠር ሊፈጠር ይችላል። ሽንታችሁ ጠቆር ያለ ቢጫ ሆኖ ስታዩት የውሃ ማነስ ምልክት መሆኑን ዕወቁ።

የገቢው ምንጭ ከገበያችን የራቀ አይደለም። የጤፍ እንጀራና ጎመን ካልሲየም አላቸው፤ በአንድ ብርጭቆ ወተትም ወደ 300 ሚሊ ግራም ይገኛል። ነገር ግን ሰውነት ይህን ከአንጀት ተቀብሎ ለዐጥንት ለማድረስ ቪታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ቆዳችን ከፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል። ብርድንና የሰው ዓይንን በመፍራት ተሸፋፍኖ በጨለማ ክፍል የሚያድግ ሕፃን ዐጥንቱ ይለሰልሳል፤ መሄድ ሲጀምርም እግሩ ይጐብጣል።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሆይ፤ ከጠረጴዛችሁ ላይ የውሃ ብርጭቆ አይጥፋ። ከሲኒያችሁ ጨውን ቀንሱ፤ ከማዕዳችሁም ጎመንና ወተት ጨምሩ። ሕፃናቶቻችሁንም በየማለዳው ጥቂት ጊዜ ወደ ፀሐይ አውጧቸው፤ የእነርሱ ግምጃ ቤት የሚሞላው ገና በልጅነታቸው ነውና።