አራዳና አዲሱ ማሽን

ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ሥዕል ሲራመድ ያየ ሰው አይፈረድበትም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ ሲመጣም ከተማው ጉድ ብሏል። በኋላ ግን ያው የአራዳ ሰው በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ አምፒር ደጃፍ ይሰለፍ ጀመር።

ዛሬ ስጋቱ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዞሯል። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኘችው ሮቦት ሶፊያ ስትሠራ የአይኮግ ላብስ ኩባንያ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እጃቸው አለበት። ማሽኑ ሥራ ይነጥቅ ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈና ከተቀዳ ነገር ነው፤ የአማርኛው ድርሻ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የወጣ ጋዜጣ በመደርደሪያ ላይ ብቻ ከቀረ ለማሽኑ እንደሌለ ይቆጠራል። የአዛውንቶቹ ትዝታማ ጭራሽ ወረቀትም አላገኘ!

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል። የአዛውንቶቹ ወሬ ግን አሁንም በአፋቸው አለ። ሞባይል የያዘ የልጅ ልጅ ዛሬ ማምሻውን ከአያቱ ጎን ቁጭ ብሎ ሊቀዳው ይችላል።