የአጥራችን ፍሬ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንግሊዞች የእርሻቸውን ድንበር ከሚያጥረው እሾሃማ ቍጥቋጦ «ስሎ» የተባለውን ጎምዛዛ ፍሬ ለቅመው ከስኳር ጋር በጂን ይዘፈዝፉታል፤ ከሦስት ወር በኋላ ለእንግዳ የሚቀርብ ቀይ መጠጥ ይሆንላቸዋል። እኛስ? የኮሽማችን ፍሬ ከአጥር ሥር ረግፎ ሲበሰብስ ከሱቅ ማርማላታ እንገዛለን።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኔም ልሞክር ብዬ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንዳነበብሁት 105 ዲግሪ እስኪደርስ ቀቀልሁ። ስኳሩ አረረ፤ ድስቱም ጠቈረ። እናቴ «ልጄ፥ የተማርኸው ይህን ነው?» አለችኝ።

ጥፋቱ የኮሽሙ አልነበረም። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው፤ እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃችን የሚፈላው በ92 ገደማ ነው። ስለዚህ የእኛ ማርማላታ 96 ወይም 97 ሲደርስ ከእሳት ይውረድ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮሽሙን አጥባችሁ በጥቂት ውሃ ቀቅሉ፤ በወንፊት አሽታችሁ ቆዳውንና ዘሩን ለዩ፤ በክብደቱ ልክ ስኳር ጨምራችሁ እያማሰላችሁ አፍሉ። ጥቂት ያልበሰለ ፍሬ ቢቀላቀልበት ቶሎ ይረጋል። ጠብታው በቀዝቃዛ ሳህን ላይ በጣት ሲገፋ ከተጨማደደ ደርሷል፤ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ጠርሙስ ክደኑት።

ሁለተኛውን እናቴ በዳቦ ቀምሳ ወደደችው፤ ድስቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም። ጓደኞቼ፥ ለአገራችን ከፍታ ሳናስተካክል እንደ መጽሐፉ የምንቀቅለው ማርማላታ ብቻ እንዳይደለ እሠጋለሁ።