ሲመሽ የምትነሳ ቅጠል

በአሶሳና በዙሪያዋ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ማራንታ ነው። ማራንታ ከብራዚል ደን የመጣች የቤት ውስጥ ተክል ናት። ቀን ቅጠሏን ዘርግታ ትውላለች። ሲመሽ ግን ቅጠሎቿ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ልክ ለጸሎት እንደተነሳ እጅ። ፈረንጆቹም «የጸሎት ተክል» ይሏታል። እኔማ መጀመሪያ ሳያት ታመመች ብዬ ውሃ ደፍቼባታለሁ።

ታዲያ ምን ያነሳቸዋል? የብስክሌት ጎማን አስቡ። ሲነፋ ይወጠራል፤ ሲተነፍስ ይላላል። የማራንታ ቅጠል ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ እብጠት አለች። በጣት ስትዳብሷት ትታወቃለች። ታዲያ ውሃ ወደ እብጠቷ አንድ ጎን ሲገባ ያ ጎን ይወጠራል፤ ሌላው ይላላል። ቅጠሉም ይነሳል። ሲነጋ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ለነገሩ ጓሯችሁ ያለው ቦሎቄም ማታ ቅጠሉን ያጥፋል፤ እሱ ግን ቁልቁል ነው።

እንክብካቤዋስ? ማራንታ የጥላ ልጅ ናት። የአሶሳ ፀሐይ በቀጥታ ከመታት ቅጠሏ ይገረጣል። ስለዚህ ከመስኮቱ ፈንጠር አድርጓት። ክረምቱ ይመቻታል። ችግሩ በጋው ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ የቅጠሏ ጫፍ ቡናማ ይሆናል። እንግዲህ ጠጠር የሞላ ሳህን ላይ ትንሽ ውሃ ጨምሩና ማሰሮዋን ከላይ አስቀምጡ። ማሰሮው ግን ውሃው ውስጥ አይዘፈቅ፤ ሥሯ ይበሰብሳል። የአፈሩ ላይኛ ክፍል ደረቅ ሲል አጠጧት። የዝናብ ውሃ ካጠራቀማችሁማ ከቧንቧው ይልቅ እሱ ይስማማታል።

ዛሬ ማታ መብራት ከማጥፋታችሁ በፊት አንዴ እዩዋት።